ሐይቁ ሲመለስ ያልተነሳው ፓምፕ፦ ስለ አንዲት የድሬዳዋ ጋራዥ

ታፔላ የላትም። ከመጋላ ወደ ደቻቱ ስትወርዱ፣ ከጎማ ለጣፊዎቹ አለፍ ብሎ፣ የቆርቆሮ በሯ ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ የሚከፈት አንዲት ጠባብ ጋራዥ አለች። በሯ ላይ ሁለት ሦስት የውሃ ፓምፕና አንድ ሁለት ጄኔሬተር ተራ ይዘው ቆመው ታያላችሁ። ለባጃጅ ሹፌር «ፓምፕ የሚሠራው ሰውዬ ጋ» በሉት፤ ያደርሳችኋል። እኔና ወንድሜ ሞተሮቻችንን እዚያ መውሰድ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ የምጽፈው በአንድ ቀን ደስታ ተነሳስቼ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ከዚራ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁንና መፍጫውን የሚያንቀሳቅስልኝ 2 ኪሎዋት የቻይና ጄኔሬተር ጓሮ ቆሟል። ወንድሜ ደግሞ ሐሮማያ በአባታችን መሬት ላይ ድንች፣ ሽንኩርትና ጫት ያለማል። እዚያ ያለው 3 ኢንች ሆንዳ ፓምፕ የአባታችን ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው እሱ ፓምፕ ነው።

አባታችን (እሱ እስከ መጨረሻው «አለማያ» ነበር የሚለው) ፓምፑን የገዛው ሐይቁ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ሐይቁ የሐረርን ከተማ ያጠጣ ነበር፤ ዙሪያውን ያለው ገበሬም በሞተር ሌት ተቀን ይስበዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ውሃው አለቀ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት ገባበት፤ ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በቧንቧ ታስመጣ ጀመር። አባታችን ፓምፑን በጨርቅ ጠርጎ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኖ ጎተራው ጥግ አስቀመጠው። ብዙዎቹ ጎረቤቶች ሲሸጡ እሱ አልሸጠም፤ ውሃው ይመለሳል ይል ነበር። ሳያየው አረፈ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እውነትም ሲመለስ ወንድሜ ሄዶ ጆንያውን ገለጠ። ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ገመዱን ሳበው፣ ደጋግሞ ሳበው፣ ትከሻው እስኪዝል ሳበው፤ ምንም።

አባታችን ለዕቃው ይሳሳል። ውጪውን እንደ ሙሽራ ነው ጠርጎ ያስቀመጠው። ውስጡ የነበረውን ቤንዚን ግን አልደፋውም፤ መደፋት እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም። ይሄን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ የወሰድነው ሌላ ጋራዥ ነበር። ገመዱን አንዴ ስበው «ሞተሩ ነክሷል (ተጣብቆ አይዞርም)፣ ካርቡሬተሩም ሞቷል፤ ዕቃው አይገኝለትም፤ አዲስ የቻይና ግዙ» አሉን። አንድ ብሎን አልፈቱም። ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ በኪሎ ሊሸጠው ነበር። እኔ ነኝ «ድሬ አውርደውና አንድ ሰው ደግሞ ይየው» ያልኩት። በአይሱዙ ላይ ተጭኖ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወረደ፤ ባጃጅ ተራ ያሉ ልጆች ደግሞ ወደዚህች ታፔላ የሌላት ጋራዥ መሩን።

ሰውዬው ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ድሬዎች ነንና አንተ እንባባላለን፤ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ «ልጄ» ይለኛል። ፓምፑን አይቶ አልቸኮለም። እሳት የምትረጨውን ካንዴላ ፈታና በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አደረገበት። አንድ ሰዓት ያህል ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆይቶ መጣ፤ ገመዱን በቀስታ ሳበ። ዞረ። ካንዴላውን መልሶ አስሮ ደግሞ ሳበ፤ ገመዱ መሐል ላይ ከበድ ሲለው «ኮምፕሬሽን አለው፤ አልነከሰም» አለ፤ ሞተሩ አየሩን ገና አጥብቆ ያምቃል ማለቱ ነው። ቀጥሎ የታንኩን ክዳን ከፈተና መጀመሪያ እሱ አሸተተ፣ ከዚያ እኔም እንዳሸት ሰጠኝ። ቤንዚን ቤንዚን አይልም። የቆየ የቀለም ጣሳ ሲከፈት ያለው ሽታ ነው፣ ጉሮሮ የሚይዝ። «አቦ ልጄ፣ ይሄ ቤንዚን መሆኑ የቀረው ድሮ ነው» አለኝ።

ካርቡሬተሩ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ዕቃ ነው፤ ከሥሩ ያለችውን ቤንዚን የምትይዝ ሳህን በቁጥር 10 ቁልፍ ፈታት። ጠብታ አልወረደም። ግድግዳዋ ላይ እንደ ደረቀ ማር ያለ ነገር ተጋግሮ ነበር፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ ቡናማ። የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ ተጣብቃ ቀርታለች። ጄት የሚሏትን ቀዳዳ ያላትን ትንሽዬ የናስ ዕቃ በካቻቢቴ አወጣና ወደ ፀሐይ አንስቶ በቀዳዳዋ እንዳይ ሰጠኝ። ጨለማ ነው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ንጹሕ ጄት አውርዶ አሳየኝ፦ በመሐሏ ክብ፣ ጥርት ያለች የብርሃን ነጥብ። «ያንተ ሞተር ሞቶ አይደለም፤ ታንቆ ነው» አለው ወንድሜን።

ሰውዬው ያስረዳኝን በራሴ አፍ ልንገራችሁ፤ ይሄን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተመዝኖ ሲሸጥ አይቻለሁና።

ቤንዚን ሁሉም ክፍሉ እኩል የሚተን ፈሳሽ አይደለም። ቶሎ የሚተን ቀላል ክፍል አለው፣ ቀስ ብሎ የሚተን ከባድ ክፍል አለው። የቀዘቀዘ ሞተር በአንድ ስበት የሚነሳው በቀላሉ ክፍል ነው። ሞተር ሲቀመጥ ቀድሞ የሚሸሸውም እሱ ነው፤ በክዳኑ መተንፈሻ፣ በካርቡሬተሩ መተንፈሻ እየተነነ ይሄዳል። የቀረው ከአየር ጋር ሲዋሃድ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ሙጫ ይሆናል። ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። በግንቦትና በሰኔ የድሬን ቀን ታውቁታላችሁ፤ ጥላ ሥር 35 ዲግሪ በሚሆንበት ሰዓት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተዘጋ ሞተር ምን እንደሚደርስበት አስቡት። የሆንዳ መመሪያ ራሱ ቤንዚን በ30 ቀን፣ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊበላሽ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እኔ ይሄን እስክሰማ ድረስ ቤንዚን እንደ ዘይት ዓመት የሚቀመጥ ነው የሚመስለኝ የነበረው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ታንኩ ውስጥ ያለው ሦስት ሊትር ገና ደህና ሆኖ ሳለ ሞተሩ እምቢ ሊል ይችላል። ቀድሞ የሚደርቀው ሳህኗ ውስጥ ያለው ነው፤ ቢበዛ አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ቤንዚን። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይተናል፤ ትቶት የሚሄደው ሙጫ ደግሞ የሚቀመጠው ከሁሉ በጠበበው መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ዝም ብሎ ሲዞር የሚጠጣባት ትንሿ ጄት ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ይቀጥናል። ሙሉ በሙሉ መደፈን እንኳ አያስፈልጋትም። ሞተራችሁ ቾክ (የአየር መዝጊያው) ሲደረግበት ብቻ የሚሠራ፣ ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ ወይም ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የኔ ጄኔሬተር አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ ሁለት ጊዜ ካንዴላ ቀይሬለታለሁ። ካንዴላው ጥፋት አልነበረበትም።

ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። አገራችን ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣውን ኢታኖል አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር ስታቀላቅል ቆይታለች። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይቀመጣል፤ ታች ደግሞ የታንኩ ብረትና የካርቡሬተሩ የናስ ዕቃዎች አሉ። ሳህኗ ጠርዝ ላይ ያየነው አረንጓዴ ግን ኢታኖል ሳይኖርም፣ ያረጀ ቤንዚን ናስ ሲበላ የሚመጣ ነው።

የአባታችንን ፓምፕ ያስነሳው እንዴት እንደሆነ ባጭሩ እላለሁ፤ ሙያው የሱ ነው። ታንኩ ውስጥ አንድ እፍኝ አሮጌ ብሎንና ነጭ ጋዝ ጨምሮ ለወንድሜ «አራግፍ» ብሎ ሰጠው። ወንድሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አራገፈው። የወጣው ፈሳሽ የበሶ ቀለም ነበረው። አራት ጊዜ ታጠበና ፀሐይ ላይ ደረቀ። ካርቡሬተሩን እያንዳንዷን ዕቃ ፈታትቶ በማጽጃ ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ ጄቶቹን ያጸዳበትን ነገር ልብ በሉ፦ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር። መርፌም ሆነ የብረት ሽቦ አያስነካም። ናስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ሰፍቶ የቀረ ጄት ደግሞ ሞተሩን ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ሲያባክን ያኖረዋል። ከዚያ በኮምፕሬሰር ነፋው፤ ደግሞ ወደ ፀሐይ አንስቶ አሳየኝ። ያቺ የብርሃን ነጥብ ተመልሳ ነበር።

ደርቆ የተሰነጠቀውን የቤንዚን ጎማ፣ ተንሳፋፊዋ የምትዘጋውን መርፌና ካንዴላውን ቀየረ። በሦስተኛው ቀን ትኩስ ቤንዚን ጨምረንበት በአራተኛው ስበት ተነሳ። ነጭ ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ጠራ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም ዝም አልኩት። ዕቃውን ጨምሮ 1,800 ብር ከፈልን። ካርቡሬተሩን በአዲስ ቀይሮ ከዚያ በላይ ሊያስከፍለን ይችል ነበር፤ እኔ ራሴ «ለምን አትቀይረውም?» ብዬው «ደህና ናስ ለምን ይጣላል?» ነው ያለኝ። ሐሮማያ ከድሬ በ800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል እዚያ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ትንሽ እንደሚቀንስና ካንዴላው ጠቆር እንደሚል ቀድሞ ነግሮናል። እንዳለውም ሆነ፤ ወንድሜ ስላወቀ አልደነገጠም።

ለዚች ጋራዥ ግምገማ ልጽፍ የተነሳሁት ግን በጥገናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ባልረዘምኩ ነበር። ፓምፑን ልንወስድ ስንል «ክረምት ሲገባ መልሳችሁ አምጡልኝ፤ አስተኛዋለሁ» አለን፤ ማስተኛት የሚለው ሞተሩ ሳይሠራ ሲቀመጥ እንዳይበላሽ አዘጋጅቶ ማስቀመጥን ነው። ሐሮማያ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናብ ስለሚጥል ፓምፑ ሦስት ወር ሥራ አይኖረውም። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ ጋራዥ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሌሎቹ የሚጠብቁት ሲበላሽ ነው።

ይህን ልማድ ያመጣው ከአርባ ምንጭ ነው። ወጣት ሳለ ጫሞ ሐይቅ ላይ፣ ቱሪስት ወደ አዞ ገበያ (አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት ዳርቻ) የሚያመላልሱ ጀልባዎችን ሞተር ይጠግን ነበር። የጀልባ ሞተር እንግዳ በማይኖርበት ወቅት ወር ሁለት ወር ይቀመጣል። የዚያን ጊዜዎቹ ባለ ሁለት ምት ነበሩ፤ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት አብሮ ይቀላቀላል። ቤንዚኑ ሲተን ዘይቱ ስለሚቀር ካርቡሬተሩ ከኛ ፓምፕ በባሰ ይጣበቃል። ስለዚህ የጀልባውን ሞተር እግር በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ ያስነሳና የቤንዚኑን ጎማ ከሞተሩ ላይ ይነቅላል፤ ያለውን ጠጥቶ ራሱ እስኪጠፋ ይተወዋል። በርሜሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ስጠይቀው፣ የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ስለሆነ በደረቅ ከተነሳ የውሃ መሳቢያው ጎማ ወዲያው እንደሚቃጠል ነገረኝ። ድሬ ላይ ጀልባ የለንም፤ ግን ሐዋሳ፣ ዝዋይ ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ያላችሁ ይሄን ንገሯቸው።

ባለፈው ሰኔ ስናስተኛው ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ። መጀመሪያ ታንኩ ውስጥ የቀረውን በነጠላ ጨርቅ እያጠለለ ወደ ጀሪካን ገለበጠ፤ ያ ቤንዚን ገና ትኩስ ስለነበር የአንድ ባጃጅ ታንክ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ቱቦውና ሳህኗ ውስጥ ያለውን እስኪጨርስ ተወው። ሲጠፋ እኔ አለቀ ብዬ ተነሳሁ። «ቁጭ በይ» አለኝ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሳህኗን የታች ብሎን ፈታ። ሁለት ማንኪያ ያህል ቤንዚን ወረደ። ሞተሩ የሚጠፋው ቤንዚኑ ጄቷ ከምትደርስበት በታች ሲሆን ነው፤ ከታች የምትቀረው ግን ሙጫ ለመሆን በቂ ናት። መመሪያ የሚያነቡ ሰዎች እንኳ «የቤንዚን መዝጊያውን ዘግተህ እስኪጠፋ አሠራው» የሚለው ላይ ያቆማሉ። ለኔ ለማስተኛቱ የከፈልነው የ500 ብር ዋጋ እዚያች ሁለት ማንኪያ ላይ ነው።

ከቤንዚን መዝጊያዋ ሥር ያለችውን ትንሽ ኩባያም ፈታ፤ ውስጧ ውሃና አሸዋ መሰል ዝገት ነበረባት፤ ጠረጋት። ዘይቱን ለወጠ፤ 0.6 ሊትር ይወስዳል፤ የተቃጠለው ዘይት ውስጥ አሲድ ስላለ ከሱ ጋር አያስተኛውም። ካንዴላውን ፈትቶ አንዲት የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት አስገባና ዘይቱ ግድግዳውን እንዲቀባ ገመዱን ሁለት ሦስቴ ሳበ። ካንዴላውን መልሶ አሰረ። በመጨረሻ ገመዱን በቀስታ ስቦ፣ ሲከብድ እዚያው ተወው። በዚያ ቦታ ሁለቱም ቫልቮች ስለሚዘጉ እርጥብ አየር አይገባም። የፓምፑንም ሆድ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ውሃውን አፈሰሰው፤ የሐሮማያ ደለል ውስጡ ደርቆ ከቀረ በራሱ ሌላ በሽታ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ከቤንዚን የሚወጣው ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያለበት ይደርሳል። ይህን ቤታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቡና የሚፈላበት ከሰል፣ ሲጋራ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ሞተር አጠገብ አታድርጉት። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ልጆች በሌሉበት።

አሁን ወደ ጄኔሬተሬ። እሱን ባዶ አድርጌ ማስተኛት አልችልም፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅማ። እዚህ ላይ የድሬ ሰው ሁሉ ችግር አለ። ቤንዚን ይጠፋል። የባጃጅ ሰልፍ ማደያውን ዞሮ መንገድ ሲዘጋ በየጊዜው እናያለን፤ በጀሪካን ለመቅዳት ደግሞ እኔ ከወረዳ ደብዳቤ አጽፌ ነው የምሄደው። ስለዚህ የተገኘ ዕለት አከማቻለሁ። ሳከማች ያረጃል። ያረጀውን «ከስንት መከራ የተገኘ ነው» ብዬ ስለምሳሳለት ሞተሩ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን ይደፍነዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ የዞርኩት በዚህ ቀለበት ውስጥ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውማ ባሰ፤ ፀሐይ ላይ በላስቲክ ጠርሙስ ሲቁላላ የዋለ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ነገር ነው።

ጋሼ የመከረኝ ቤንዚን ማረጋጊያ ነው፤ ቤንዚኑ ቶሎ እንዳያረጅ የሚጨመርበት ፈሳሽ። ጅቡቲ የሚመላለስ ዘመድ ስታ-ቢል የሚባለውን አምጥቶልኛል። ለ9.5 ሊትር ገደማ 30 ሚሊ ሊትር ነው መጠኑ። የሚጨመረው በቀዳሁ ዕለት፣ ትኩስ ቤንዚን ላይ ነው፤ ያረጀውን አያድስም፣ ጠርሙሱም አድሳለሁ አይልም። ከጨመሩ በኋላ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ማሠራት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ታንኩ መድኃኒት ያለበት ሆኖ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ያልታከመው ነው። ታንኩን እስከ አፉ ጥቂት ሲቀረው እሞላዋለሁ፤ ባዶ ቦታ ሲቀንስ አየሩም በሌሊት የሚንጠባጠበው እርጥበትም ይቀንሳል። አንዴ በገዛ ዓይኔ ልይ ብዬ በሁለት የማር ጠርሙስ ከአንድ ጀሪካን ቀዳሁ፤ አንዱ ላይ ጨመርኩ፣ አንዱን ተውኩት፤ ክዳናቸውን በመርፌ በስቼ ከቤት ርቆ ባለው መጋዘን ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከጥር እስከ ሰኔ። ያልጨመርኩበት ሻይ መስሎ፣ ያንን የቀለም ሽታ ይዞ፣ በጣትና በጣት መሐል ሲሹት ሙጭጭ ይል ነበር። የጨመርኩበት ትንሽ ጎደለ እንጂ ሽታው ቤንዚን ነበር። አንድ ጠርሙስ እንደ ኔ አጠቃቀም ከዓመት በላይ ያገለግላል። ድሬ ላይ የታይዋንንም የቀፊራንም ገበያ ዞሬ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ የግድ ነው አልልም። ማረጋጊያ ለሌለው ሰው ጋሼ ያለው ቀላል ነው፦ መዝጊያዋን ሁልጊዜ ዝጋ፣ ሳህኗን አፍስስ፣ በወር አንዴ አስነሳ። እኔ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ማታ ፍሪጁን አገናኝቼ 20 ደቂቃ አሠራዋለሁ። በታንኩና በካርቡሬተሩ መሐል ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ፊልትሮም አስገብቶልኛል፤ በመቶ ብር ቤት የሚገኝ ዕቃ ነው፤ ቆሻሻ ሲጀምር በዓይን ይታያል።

ጋራዧ ጉድለት የላትም አልልም። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ትዘጋለች፤ 10 ሰዓት አልፎ ነው የምትከፈተው፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ስልክ ሥራ ላይ እያለ አያነሳም። «ነገ» ሲላችሁ ከነገ ወዲያ በሉት። ደረሰኝ የለውም፤ ድርጅት ያላችሁ ይሄን አስቡበት። በጣም ያሳሰበኝ ግን ዕቃ የሚያጥበው ክፍት ገበቴ ውስጥ ባለ ቤንዚን መሆኑ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ብየዳ ቤት አለ። ይሄን ፊት ለፊት ነገርኩት። ተቆጥቶ ዝም አለኝ። በሚቀጥለው ስሄድ ገበቴው ውስጥ ያለው ነጭ ጋዝ ነበር፣ ክዳንም ተሠርቶለታል። ነጭ ጋዝም ቢሆን ይነዳል፤ ግን እንደ ቤንዚን አይደለም። ልጆቹ ግን አሁንም ጓንት አያደርጉም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ታንኩን ቤታችሁ ባዶ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ባጃጅ ላይ ቤንዚን ፈስሶ ከሹፌሩ ጋር የተጣላሁበት ቀን አለ፤ ሹፌሩ ትክክል ነበር። ሞተሩ መቼ እንደተቀመጠና የመጨረሻው ቤንዚን ከየት እንደተቀዳ ይጠይቃችኋል፤ እውነቱን ንገሩት፤ ሃይላንድም ከሆነ ሃይላንድ በሉት። ቆማችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በርጩማ ይሰጣችኋል እንጂ አያባርራችሁም። እኔ አሁን የጄኔሬተሬን ሳህን የማፈሰው ራሴ ነኝ፤ ቁጥር 10 ቁልፏ ከጁስ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያዎቹ አጠገብ ናት።

ያስተኛውን ሞተር ሁሉ ካንዴላ ገመዱ ላይ የካርቶን ቁራጭ ያስርበታል። የአባታችን ፓምፕ ላይ ያለው «ባዶ ነው። ዘይት አዲስ። ሰኔ 28» ይላል። ወንድሜ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሐሮማያ ላይ ካርቶኑን ፈትቶ፣ አንድ ሊትር ትኩስ ቤንዚን ጨምሮ፣ ሁለቴ ስቦ ደወለልኝ። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶት ስለነበር የሚለው አልተሰማኝም፤ ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲደርስ ያለውን ድምፅ ግን ሰማሁት።